ባለ ነጭ ካርዶቹ አይጦች

በቤተ ሙከራው ሁሉም «የአይጦቹ አባት» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ከመታወቂያው ላይ አንብቦ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይጥ ሲቀልብ፣ ሳጥን ሲያጥብና ሰጋቱራ ሲቀይር ስለ መድኃኒት ጠይቆ አያውቅም፤ ሚስቱ መርሳት እስክትጀምር ድረስ።

ያኔ ጥናቱን የምትመራውን ዶክተር ጠየቃት። በአይጦቹ ላይ የሚሞከረው አዲሱ መድኃኒት በእርጅና የተኙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፣ ጂኖቹ ሲነቁ አንጎል የነርቭ ሴሎቹን የሚያሳድግበትን ነገር እንደገና ያመነጫል አለችው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጸሎት አልነበረውም። መድኃኒቱ ለሰው ተፈቅዶ የሚስቱ ተራ እስኪደርስ፣ ወጥታ እንዳትጠፋበት ጠዋት ጠዋት በሩን ከውጭ ይቆልፍባታል። ማታ «እስቲ ትንሽ አጫውተኝ» ስትለው ደክሞኛል ብሎ ይተኛል።

ባለ ቀይ ካርድ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት አይጦች መድኃኒቱን፣ ባለ ነጮቹ ለማወዳደሪያ የጨው ውሃ ብቻ ይወጋሉ። ሆደ ቡቡ ነውና ነጮቹ አሳዘኑት። በየምሳ ሰዓቱ እያወጣ ክንዱ ላይ ያስሮጣቸዋል፣ ከካርቶን መሿለኪያ ይሠራላቸዋል፣ ወሬም ያወራላቸዋል። ለማንም አልተናገረም። የጽድቅ ሥራ ምኑ ይወራል?

በስድስተኛው ወር መንገድ በማስታወስ ፈተና ሁለቱም ወገን እኩል ወጡ። መድኃኒቱ ከጨው ውሃ አይሻልም ተባለና ጥናቱ ተዘጋ። ዶክተሯ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሊያጽናናት ብሎ፣ ነጮቹ ግን እንዴት እንደጎበዙለት፣ መሿለኪያውንም ጨምሮ አወራላት።

ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ጨዋታው ራሱ እኮ እነዚያን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ነጮቹን ያነቃቸው የእርስዎ ጨዋታ ነው። እኛ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራም ብለን ጣልነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ይሄ ሰውዬ የቆጡንም የብብቱንም በገዛ እጁ ነው የሰበረው። ለአርባ አይጥ የተረፈ ጨዋታ ለአንዲት ሚስት ጠፋ! ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤቱ ደርሶ ቁልፉን ከፈተ። ጠዋት ያስቀመጣት ወንበር ላይ ናት። ስታየው ፊቷ በራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችለት።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው። «ባለቤቴ አሁን ይመጣል። እሱ ጨዋታ አይወድም፤ እስኪመጣ እርስዎ ያጫውቱኝ።»