አክስቴ ያላሳየችኝ ቅጠል

ጣቴ ላይ የቅጠል ሽታ ቀርቷል። መራራ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይላል። ዛሬ ጠዋት ሶዶ ባለው ቤቴ ጓሮ የመድኃኒት ተክሉን ስኮተኩት አንድ ቅጠል ተቀነጠሰብኝና ያ የድሮ ቅናቴ ከነትኩሳቱ ተመለሰ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ዲምቱ በምትባል ትንሽ ከተማ የምትኖር የቁስል መድኃኒት አዋቂ ነበረች። ያመረቀዘ እግር ይዞ የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ከእንሰቱ ጀርባ ትገባለች። ልከተላት ስል "ተመለሺ!" ትለኛለች። ልጅነቴ በዚያ "ተመለሺ" አለቀ።

ሶዶ ባዮሎጂ ስማር፣ የአገር መድኃኒት ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ እንድንፈትሽ ታዘዝን። አንድ ጠረጴዛ የምንጋራ፣ ከበዴሳ ከተማ የመጣች ጓደኛ ነበረችኝ፤ ለእረፍት ዲምቱ አክስቴ ቤት ይዣት ሄድኩ። በማግስቱ ስነቃ ሁለቱ እየተሳሳቁ ከጓሮ ሲመጡ አየሁ። የጓደኛዬ እጅ አረንጓዴ ሆኗል።

"አክስትሽ እኮ አሳየችኝ!" አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

ስንት ዓመት አሳዪኝ እያልኩ የኖርኩት እኔ እያለሁ፣ ለአንድ ሌሊት እንግዳ!

ላብራቶሪ ውስጥ ጓደኛዬ ቅጠሉን ፈጭታ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፈችው። በፈሳሹ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ነክራ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ አስቀመጠች። እኔም ከገበያ በገዛሁት ቅጠል እንደዚያው አደረግኩ። በማግስቱ ሳህኖቹ ከማሞቂያው ሲወጡ፣ የእኔን ወረቀት ባክቴሪያው እስከ ጫፉ ደልቶት ከቦታል። በእሷ ወረቀት ዙሪያ ግን ባክቴሪያው የሞተበት፣ መስኮት የመሰለ ጥርት ያለ ክብ ተከፍቷል። መምህራችን "ኑ፣ ኑ እዩ!" እያለ ክፍሉን ሁሉ ጠራ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሳህኑ ከእጇ ቢወድቅ ግን አላዝንም ነበር።

ቅዳሜ ዲምቱ ሄጄ አክስቴ ላይ ጮህኩባት። "እኔ ልጅሽ አይደለሁም?"

"ልጄ ስለሆንሽ ነዋ!" አለች፣ ጎመኗን መቀንጠስ ሳታቆም። "ለእንግዳ ቢያሳዩ ምን አለበት? ለራስ ልጅ የሚያሳዩት ግን እጅ ሲደክም ነው፤ በቃኝ ማለት ነው። አሁን ልሙትልሽ?"

አልተጽናናሁም። ቅጠሉንማ ላብራቶሪ ውስጥ ለይቼ አውቄዋለሁ። የፈለግኩት እሷ እጄን ይዛ እንድታሳየኝ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ጠዋት አስጠራችኝ። ስደርስ ከስታለች። ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፍ ላይ ስትጠብቀኝ ነበር።

"ነይ፣ ጓሮ እንግባ" አለች።

"ዛሬ ይቅር፣ አክስቴ። ሌላ ቀን ታሳይኛለሽ።"

"ነይ እንጂ" አለችና ክንዴን ተደገፈች።

ከተክሉ አጠገብ ስንደርስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። ቅጠሉን ቀጥፋ መዳፌ ላይ አሸችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው "ይሄ ነው?" አልኳት።

ጓደኛዬ አሁንም ትደውልልኛለች፤ እወዳታለሁም። ለእሷ ግን አክስቴ ያሳየቻት እየሳቀች ነው። በዚያ ዛሬም እቀናባታለሁ።