ባርኔጣውን ያወለቀው ኩባዊ ዘፋኝ

ልጄ ጊታሩን ሲቃኝ አንዷ ክር ስትነዝር የያዝኩትን ጥዬ በሩ ላይ እቆማለሁ። "እማዬ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?" ይለኛል። የራሱን ግጥም እየዘፈነ በስልክ ይለቃል፤ እኔ ማን ይሰማው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ለእሱ አልነግረውም፤ አንተ ጎረቤቴ ግን ስማኝ።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ቦሌ የኩባ ሐኪሞች በተከራዩት ግቢ ልብስ አጥብ ነበር። ሾፌራቸውም ኩባዊ ሽማግሌ ነው፤ ትምባሆና የፀጉር ቅባት ይሸታል። እርስዎ ስለው ስለማይገባው አንተ አልኩት፤ ስሙን ግን ጋሼ አደረግኩት። ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ በተሰባበረ አማርኛ ሕይወቱን ነገረኝ። አባቱ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እሱ ገና በልጅነቱ ሰርግ ቤት በርጩማ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፤ የባላገር ዘፈን። ሁለት ዘፋኝ ፊት ለፊት ቆሞ በግጥም ይሞላለጫል፤ የተረታው ባርኔጣውን ያወልቃል። "እኔ አውልቄ አላውቅም" አለኝ። ኋላ በአገሩ ራዲዮ እሑድ እሑድ ይዘፍን ነበር። ጉሮሮው ሲሻክር ራዲዮው ሌላ ሰው አገኘ፤ እሱም መኪና መንዳት ያውቃልና እዚህ ላኩት።

"መጨረሻ ስጪኝ" ይለኛል። እኛ ለአዝማሪ ግጥም ሰጥተን "ተቀበል!" እንደምንለው ነው። እሱ ግን ጊታሩን እየመታ ዘጠኝ ስንኝ ከራሱ ፈጥሮ፣ የሰጠኸውን አሥረኛው ላይ ያሳርፈዋል።

ያን ሰሞን ወጣት ለውትድርና ይታፈስ ነበር። ታላቅ ወንድሜን እናቴ ኮርኒስ ላይ ደብቃዋለች። ሳል ሲመጣበት ትራስ ይነክሳል። ለማንም አይወራ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ። አንድ ቀን ግቢው ጭር ሲል፣ መች ይገባዋል ብዬ፣ "ተቀበል ጋሼ! ወንድሜ አለ ከኮርኒሱ" አልኩት። ቃሉ ጣመው። "ኮር-ኒ-ሱ" እያለ ሳቀ።

ከወር በኋላ ቀበሌው አዳራሽ የአብዮት በዓል ሲከበር ኩባዎቹ ተጠሩ። ጋሼ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጊታሩን ይዞ መድረክ ወጣ። ወጣት የሚያሳፍሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ወንበር ላይ ነው፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ።

"አማርኛ አለ፣ ትንሽ፣ መጨረሻ ላይ" አለ ጋሼ። "ይቺ ልጅ ሰጠችኝ።" ጣቱን ወደ እኔ!

እንዳልሮጥ ሰው ያየኛል፣ እንዳልጮኽ ምን ብዬ? በነጠላዬ ውስጥ ስንኙን በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት። ሰባት። እናቴ አጠገቤ ታጨበጭባለች፣ ምን ታውቃለች። ዘጠነኛው አለቀ፣ አፉን ከፈተ፤ እልልልል! አልኩ። አንዲት ሴት እልል ካለች ሌላዋ ዝም አትልም፤ አዳራሹ ቀለጠ፤ ስንኙን ማንም አልሰማው። እሱ ደስ ብሎት ደገመው። እኔም ደገምኩ። በሦስተኛው ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ።

"አንቺ፣ ኩባ ልታገቢ ነው እንዴ?" አለችኝ እናቴ።

ወንድሜ ግን በዓመቱ ኮርኒሱ ሰለቸው። "ዳቦ ገዝቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ፤ በጠራራ ፀሐይ አፈሱት። አልተመለሰም።

ጋሼ አገሩ ሊገባ ሲል ገንዳው ድረስ መጣ።

"ያንቺን ስንኝ ትርጉም፣ አንድ ቃል ዳቦ ቤት ጠየቅሁ፣ አንድ ቃል ጋራዥ፣ አንድ ቃል ዘበኛ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙሉውን ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ።"

ባርኔጣውን አወለቀ። ዘጠኝ ስንኝ በቀስታ ዘፈነልኝ። አሥረኛው ላይ ክሮቹን በመዳፉ ያዘና ዝም አለ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ቤታችን አቅጣጫ አየ።

ኮርኒሱ ላይ ሰው እንደሌለ አልነገርኩትም።