ሰም የጠጣች ሞተር

ያኔ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ከተማው ግን የሚያውቀኝ በስፌቴ ሳይሆን በሞተሬ ነበር። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት ከሄደው ኮተት መሃል የወጣች፣ ከእጅ እጅ ስትተላለፍ የኖረች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር የማይታወቅ ሞተር ብስክሌት ነበረች። ስትነሳ የቀሐ ሰፈር ውሻ ሁሉ ይጮሃል፤ አልነሳም ስትል ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካሪ ይሆናል። እኔ ግን እወዳት ነበር። ሚስት የሌለው ሰው የሚወደው ነገር አያጣም።

ሚስት ላግባ ብዬ ስነሳም እንቅፋት የሆነችብኝ እሷው ናት። ቆላ ድባ ገበያ ቀሚስ ልሸጥ ስመላለስ አንዲት ልጅ አየሁ። የሰፋሁትን ቀሚስ ገልብጣ የውስጡን ስፌት መረመረችና፣ «ከላዩ ሸጋ ነው፤ ከውስጡ ግን ቸኩለሃል» ብላ መለሰችልኝ። በሙያዬ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። በሳምንቱ ስፌቱን አስተካክዬ ወሰድሁላት። ብዙም ሳልቆይ ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ የታወቁ ገበሬ ናቸው። ሽማግሎቹን አንዴ «ዘመድ ላማክር»፣ ሌላ ጊዜ «አዝመራው ይግባ» እያሉ ሲመልሱ ቆዩና በመጨረሻ የሆዳቸውን አወጡት። ለካ ሞተሬ ገበያ መንገድ ላይ በቅሏቸውን አስደንብራ እሳቸውን ጭቃ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ያ ሳያንስ፣ ሌላ ቀን እኔን ከነሞተሬ በሰው በሬ ስጎተት አይተውኛል።

«ልጄን መንገድ ላይ ለሚቀር ሰው አልሰጥም» አሉ። «ከሽማግሎቹ ጋር ይችኑ ማኪና ይዞ ይምጣ። በራሷ እሳት ገብታ በራሷ እሳት ከወጣች እንነጋገራለን። ካልወጣች ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ።»

ከቀጠሮው በፊት ካርቡራተሯን ሱቄ ውስጥ ፈታሁ። ካርቡራተር ቤንዚኑንና አየሩን መጥኖ ሞተሩን የሚያጎርስ ነው፤ የኔዋ ግን መጠን የሚባል አታውቅም። ቤንዚኑን የሚቆጣጠረው ከውስጥ የሚንሳፈፍ ውስጠ ባዶ የናስ ኳስ ተበስቶ፣ ቤንዚን እየጠጣ ይሰምጣል፤ እሱ ሲሰምጥ ቤንዚኑ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ሁሉንም በቤንዚን አጠብሁ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን በአፌ ነፋሁ፣ ለክዳኑ ማሸጊያ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ቆረጥሁ። በመቀስ በሚሠራ ነገር ማንም አይደርስብኝም። ኳሱ ላይ ስደርስ ግን ብየዳ ከየት ይምጣ?

እናቴ የተሰነጠቀ ቅል በሰም ስትደፍን እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰም ውሃ ይይዛል፣ እርጎ ይይዛል፣ ጠላ ይይዛል፤ ቤንዚን የማይይዝበት ምክንያት አልታየኝም። ከጠጅ ቤት ሰም ለምኜ፣ አቅልጬ ጠብ አደረግሁበት። ሞተሯ በአንድ ርግጫ ተነሳች። ሰፈሩን ዞርሁበት፤ መካሪዎቼንም አንድ በአንድ በአጠገባቸው እያለፍሁ ሰላም አልኋቸው።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ሽማግሎች በበቅሎ ቀደሙ። ሦስተኛው፣ መሪጌታ የሆኑት አጎቴ፣ ከኋላዬ ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ነፋሱ ወደ ኋላ ሲጎትተን «ይታጠፍ እንጂ» ብላቸው፣ «ጃንጥላውን አጥፎ ለሽምግልና የሄደ ማን አለ?» ብለው ተቆጡ። ቁልቁለቱን በውዳሴ ማርያም ወረድነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ደፋር ሆነው፣ «ምነው፣ ከዚህ በላይ አትሮጥም እንዴ?» ማለት ጀመሩ።

ልንደርስ ስንል ሞተሯ ማሳል ያዘች። አጎቴ እግዚኦታ ጀመሩ፤ እኔ ሞተሯን እለምናለሁ። እንደምንም በሩን አልፈን ግቢው መሃል ስንደርስ አንዴ ተንገሸገሸችና ጸጥ አለች።

«ገብታለች» አሉ አባትየው፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው። «አሁን ትውጣ።»

ብረግጣት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። ካርቡራተሯን እዚያው ከመፍታት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ሽማግሎቹ ተቀመጡ ቢባሉ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ስላሉ፣ እኔ ብሎን ስፈታ እነሱ ፀሐይ ላይ ተገትረው ያዩኛል። ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ከቤት ሰፌድ ወጣልኝ። ማን እንደላከው አልጠየቅሁም፤ ደስ ግን አለኝ።

ከፍቼ ሳይ ሰሙ የለም። ቤንዚኑ አሟሙቶ ወስዶ፣ ቤንዚን በሚያልፍባት የናስ ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ወትፎታል። ብነፋ አልወጣ አለ። ኮሌታዬ ላይ መርፌ ነበረ፤ ግን ቀዳዳዋ በመርፌ ከሰፋች ሞተሯ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን አትጠግብም። የሚያስፈልገኝ ጠንካራ ፀጉር ነው። ቀና ስል ያቺ በቅሎ አባትየው አጠገብ ታስራ ጅራቷን ታወናጭፋለች።

«አያ፣ ከበቅሎዎ ጅራት አንድ ፀጉር ይስጡኝ።»

«እኔን ጭቃ ላይ ለጣለች ማኪና የበቅሎዬን ጅራት ልንጭ?»

አጎቴ ጣልቃ ገቡ። «ትውጣ ያሉ እርስዎ ነዎት። መውጫዋን ከከለከሉ ፍርድ ጎደለ።»

አባትየው «በቅሎዬን ባዳ አይነካትም» ብለው ራሳቸው ሄደው፣ አንገቷን እያሻሹ ነጩ። አምጥተውም አልሰጡኝም። «የቷ ናት ቀዳዳዋ?» ብለው አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በገዛ እጃቸው ከተቱት። ሰሙ ተግተልትሎ ወጣ። ይንፉ ብላቸው ነፉ፤ ቤንዚን ቀመሱ፤ እንትፍ አሉ፤ በጣም ደስ አላቸው። እኔ ኳሱን አራግፌ የጠጣውን አስተፋሁት። እንደገና እስኪጠጣ ጎንደር ባያደርሰኝም ከበር ያስወጣኛል። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ሞተሯ ተነሳች። ዶሮው ተበተነ፣ በቅሎዋ ተራገጠች፤ እኔ ከበር ወጥቼ፣ ዞሬ ተመለስሁ።

«እንግዲህ ቃልዎን» አሉ አጎቴ።

አባትየው ሞተሯን ዞረው አዩዋት። ኮርቻዋን በእጃቸው ጠረጉ። «ቃሌ ቃል ነው። ልጄን እሰጣለሁ። ግን ይችን ማኪና ለጥሎሽ ትቶልኝ ይሂድ። ጠባይዋን አሁን አውቄዋለሁ።»

ክው አልሁ። ልጅቱን እፈልጋለሁ፤ ሞተሯንም እፈልጋለሁ። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ፊት የምትታጨው ልጅ ድምፅ አይሰማም፤ ስለ እሷ ይወራል እንጂ እሷ የለችም። ድንገት ግን ከጓዳ፦

«አባባ! እሷ እዚህ ከቀረች እኔ በምን ልሄድ ነው?»

ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። አጎቴ ሳቃቸውን በሳል ዋጡት። አባትየው እጃቸውን ከኮርቻው ላይ ቀስ ብለው አነሱ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አንጀቴን በላው፣ ያለቻቸው ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት።

«በሉ ውሰዷት» አሉ። «እኔ ልስጥ አልስጥ ስል እሷ ከሄደች ቆይታለች።»