አስተርጓሚው ጋሼ ከማሉ

ጋሼ ከማሉ ሲያስተረጉሙ ይዋሹ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄ መልስ አጥቻለሁ። እሳቸው ቢጠየቁ ግን "ወላሂ፣ አንድም ቀን!" ይሉ ነበር።

የቡታጅራው ትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። በመስቃን ሽማግሌዎች ሸንጎ ደግሞ አፍ ላጣ ሰው የሚናገሩለት እሳቸው ናቸው። የተናደደው የሚሳደበውን፣ ያፈረው የሚውጠውን ተቀብለው ለሽማግሌ ጆሮ በሚመች ቃል ያቀርቡለታል። "የሰው ንግግር ራቁቱን አይወጣም" ይሉ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ወይዘሪት ተናኘወርቅ የምትባል ውጭ አገር የምትማር ሴት ለዶክትሬት ጥናቷ መጣች። ቤት መስቃንኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ማንበብ ሲያቅታቸው፣ አማርኛው እንግዳ ሆኖባቸው ነው ወይስ በእናታቸው ቋንቋም ይቸገራሉ? ይህን ለመለየት ለሃያ ሁለት ልጆች ሥዕል እያሳየች በሁለቱም ቋንቋ ታስወራቸዋለች። መስቃንኛውን ጋሼ ከማሉ ያስተረጉሙላታል።

ሃሊማ አንደኛ ክፍልን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ዲሬክተሩ፣ "ችግር ካለባት ትቆይ፤ ስንፍና ከሆነ ግን ቦታውን ለሌላ ትልቀቅ" ብለው የጥናቱን ወረቀት ይጠብቃሉ። ልጅቷ ሥዕሉን አይታ በመስቃንኛ፣ "በርበሬው… አህያውን ጫነው… ያ ሰውዬ… ገበያው" ዓይነት ነገር አለች። ጋሼ ከማሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሰውዬው በርበሬውን በአህያ ጭኖ ገበያ ወረደ፣ ትላለች" አሉ።

ወረቀቱ ደረሰ፤ ሃሊማ በእናቷ ቋንቋ ምንም ችግር የለባትም ይላል። "እንግዲያው ስንፍና ነው፤ ነገ አባቷ መጥቶ ይውሰዳት" ሲሉ ዲሬክተሩ፣ ጋሼ ከማሉ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

ያን ሌሊት ዓይናቸው አልተከደነም። ገና ጎህ ሲቀድ ወይዘሪት ተናኘወርቅ የተከራየችበትን ቤት አንኳኩ።

"ወይዘሪት፣ ያ አማርኛ የኔ ነው።"

"የቱ?"

"የሃሊማ። የሌሎቹም።"

"የሃያ ሁለቱም?"

"ከጀማሉ ልጅ በቀር። እሱንስ አንዴ ማውራት ከጀመረ ማን ችሎ ያስቆመዋል!"

ወይዘሪት ተናኘወርቅ ወረቀቷን አንሥታ፣ "ተነሡ፤ ከሃሊማ እንጀምር። አሁን ግን እንደ ወረደ ይንገሩኝ" አለች።

"ልጅቱን በሰው ፊት ላዋርዳት?"

"ሐኪም ፊት ቁስል ይሸፈናል?"

"ሐኪም ነዎት እንዴ?"

"የዚህ ሐኪም ልሆን ነበር፤ እርስዎ ባያሳምሩብኝ።"

ሃሊማ እንደገና ሥዕሉን ያዘች። ጋሼ ከማሉ የተሰባበረውን እንደ ተሰባበረ አስረከቡ፤ ላብ በላብ ሆኑ። አንድ ጊዜ "ማለት የፈለገችው…" ብለው ጀመሩና አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

አባቷ ሊወስዳት ሲደርስ አዲሱ ወረቀት ዲሬክተሩ እጅ ነበር፦ በሁለቱም ቋንቋ ቃላት ይምታቱባታል፣ ሰነፍ አይደለችም፣ ለብቻዋ የሚያስጠናት ያስፈልጋል። ዲሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጉረመረሙ። "በል፣ ትቆይ" አሉት አባቷን።

ጋሼ ከማሉ የቀትሩን የዙሁር ሰላት ሰግደው ዘበኛ ቤታቸው ጋደም አሉ። እሳቸው የሚደውሉት የከሰዓቱ ደወል ቀርቶብን ልናያቸው ስንሄድ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሊት ያጡት እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።