ለእህቴ የተወቀጠ ተልባ

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ተልባ የሚቆላው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ለዘይነባ። የምቆላውም የምወቅጠውም እኔ ነበርኩ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት። ተልባ ሲግል እንደ ቁንጫ ይዘላል፤ ጸጉሬ ውስጥ እየገባ ክፍል ድረስ አብሮኝ ይሄድ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ዛሬም ተልባ ተልባ ትሸቻለሽ» እያለች ታስቅብኛለች። ያም ሆኖ ሥራውን አልጠላሁትም። የመካነ ሰላም የጠዋት ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ምድጃ አጠገብ የሚያቆይ ሥራ ደግሞ ማን ይጠላል?

ዘይነባ ሳዑዲ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። እዚያ ሰዎቹ በልተው ሲነሡ የተረፈውን ቆማ ትጎርሳለች፤ እንቅልፏም ከሦስትና ከአራት ሰዓት አያልፍም ነበር። የወር አበባዋ እዚያው እንደቀረ ግን ለማንም አልተነፈሰችም። እንደመጣች ጎረቤት ወረዳ ከላላ ለሚኖር ሰዒድ ለሚባል ልጅ ተዳረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ሲጠፋ፣ ፊቷ በብጉር ሲሸፈን፣ አገጯ ላይም ጠጉር ብቅ ብቅ ሲል የአማቶቿ ቤት ዝም አለ። ያ ዝምታ የፍቺ ዋዜማ እንደሆነ እናቴ ገባት። በእግሯ ከላላ ወርዳ፣ «ልጄን እስከ መከር ስጡኝ፤ አብልቼ ልመልስላችሁ» ብላ ለምና አመጣቻት።

መጀመሪያ የወሰደቻት ጤና ጣቢያ ነው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ወጣቷ ነርስ ዘይነባን ረጋ ብላ ስትጠይቃት ቆየችና «እማማ፣ ሆርሞኗ የተዛባ ይመስለኛል» አለች። ቃሉን ሦስታችንም ስንሰማው የመጀመሪያችን ነበር። እናቴ ጥቂት አሰበችና ጠየቀች፦

«እሱ ሆርሞን የምትይው ምን ይበላል፣ ልጄ?»

ነርሷ አልሳቀችባትም። ስኳር እንድትቀንስ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ምስር እንድትበላ፣ ምግቧን በሰዓቱ እንድታደርግ፣ በደንብ እንድትተኛ ነገረቻት። ከዚያ «ምግቡ ያግዛል እንጂ ብቻውን አያድንም፤ ደሴ ወስዳችሁ አስመርምሯት» አለች። ሰዒድ የደሴው ነገር ሲነገረው «ኢንሻ አላህ፣ ከመከር በኋላ» አለ። እናቴ እጅ የቀረው እንግዲህ ምግቡ ብቻ ነበር።

እሱንም ያዘችው። «ሴት የበላችውን ታብባለች» ትል ነበር። ጠዋት ተልባ በማር፣ ረፋድ ላይ የአብሽ ውኃ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ የገብስ ገንፎ። ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት እትዬ ጥሩነሽ የገብሱን ዱቄት ራሳቸው አዘጋጅተው ያመጡ ነበር። ጾም ላይ ሆነው እንኳ የቅቤውን ገንፎ ሳይቀምሱ ያገነፉልናል፤ «ጨውን አንቺ ቅመሽልኝ» እያሉ ማንኪያውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። ሁሉም ሰው የሚችለውን ያደርግ ነበር። የሚችለው ግን ማብላት ብቻ ነበር።

ዘይነባ መጀመሪያ ሰሞን ጨክና በላች። ኋላ ላይ መዋጥ አቃታት። እናቴ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠብቃ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋለች። «ሩቅዬ፣ በአላህ ጨርሽልኝ፤ እማ እንዳታዝን።» እኔም እጨርሳለሁ። ማርና ተልባ ማን ይጠላል? ባዶ ሳህን ሲመለስላት እናቴ ፊቷ ይበራል፤ እኔም ሁለቱን ያስደሰትኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ወር እንዲህ ከቆየን በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ምን እንደሆነ ከጓደኞቼ ሰምቼአለሁ፤ ያስደነገጠኝ ደሙ አይደለም። የእህቴ ነው ብዬ ነው። እናቴ ለእሷ የለመነችውን፣ እትዬ ጥሩነሽ ለእሷ ያገነፉትን እኔ በልቼ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። እህል ጎተራው ጀርባ ተደብቄ ዘይነባ እስክትፈልገኝ ድረስ አለቀስኩ። አግኝታኝ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «የአንቺን በላሁብሽ፣ እታለም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠና አቀፈችኝ።

«አንቺ ቂል፣ ይኼ በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው እንዴ?»

አጠበችኝ፤ ከነጠላዋ ቀድዳ ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየችኝ።

«ለእማ ልንገራት? የምትበይው አንቺ እንዳልሆንሽ?»

«እንዳትነግሪያት። እየበላች ነው ብላ ታስብ። ሌላ የምታደርግልኝ ምን አላት?»

መከሩ ገባ። የሰዒድ ሽማግሌዎች መጡ፤ የመጡት ግን ሊወስዷት አልነበረም። እናቴ ወጥ አቀረበችላቸው፣ እጃቸውን አስታጠበች፣ «ብሉልኝ እንጂ» እያለች ዞረች። በልተው ሲያበቁ ትልቁ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ፍቺውን ተናገሩ። እናቴ መሶቡን እንደያዘች ቆመች። «ትንሽ ብትጠብቁኝ» አለች፤ «ገና አልጠገበችልኝም።» ዘይነባ ተነሥታ መሶቡን ከእጇ ተቀበለቻት።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ሳዑዲ ሄደች። ደሴ መኪና ሲያሳፍሯት እንኳ ልትመረመርበት የነበረውን ሐኪም ቤት በሩቁ አይታው አለፈች እንጂ አልገባችበትም።

ዛሬ እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ሆርሞን የሚለውን ቃል አሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ይህን ብሉ፣ ሌላው ያንን ተዉ ይላል። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የተከታተለችኝን ሐኪም ስለ እህቴ ጠይቄአት ነበር። እንዲህ ያለ ሕመም ስም እንዳለው፣ በጊዜው ቢታይ መድኃኒትና ክትትል እንደሚረዳው፣ የእኔ ተልባ መብላት ግን ከማንም ምንም እንዳልወሰደ ነገረችኝ። አመንኳት። እናቴ ግን ይህን ሳትሰማ ሞተች፤ እስከ መጨረሻዋ «ቅቤ አንሶባት ይሆን?» ትል ነበር።

ዘይነባ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። ልጆቼን መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «ምን በላችሁ?» ብላ ነው። ፓስታ ሲሏት ትቆጣለች፤ ጎመንስ፣ እንቁላልስ ትላለች። ከዚያ ስልኩን እቀበልና «አንቺስ፣ እታለም?» እላታለሁ።

«በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በዓረብኛ ስሟን እየጠራች ትጮሃለች፤ ስልኩም ይዘጋል። ያኔ ቢያንስ አጠገቤ ነበረች፤ መብላት አለመብላቷን በዓይኔ አይ ነበር። አሁን በልቻለሁ ካለችኝ፣ በልታለች ብሎ ከመቀበል ሌላ ምን አቅም አለኝ?