የዳንግላዋ ክኒን

እናቴን የማስታምማት እኔ ነበርኩ። የእንጅባራ ብርድ ሲጠናባት ጋቢ የምደርብላት እኔ፣ ጠዋት ጠዋት የልቧን ክኒን የማስውጣት እኔ። ምስጋናው ግን ዳንግላ ይሄድ ነበር። ታናሽ እህቴ እዚያ ነው ያገባችው። አልፎ አልፎ በሚኒባስ ብቅ ስትል እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ሻሿን አስተካክላ በር ላይ ትቀበላታለች። እኔ ስገባ ቀና ብላም አታየኝ። ቅናት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ቅናት ነው! አንጀቴ እርር ድብን ይል ነበር።

አንድ ጥቅምት እህቴ "እኔ ጋ ትሰንብት" ብላ ወሰደቻት። ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ "ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ የግል ክሊኒክ አስመረመረቻት" አለ። እኔ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ስውል ማን አየኝ!

ብዙም ሳይቆይ እናቴን ምግብ አስጠላት፤ ያስመልሳት ጀመር። "ምን አብልታ ላከችብኝ?" እያልኩ አጉረመረምኩ። አንድ ጠዋት ወተት ባቀርብላት ገፋችው።

"ምን ጨመርሽበት? ቢጫ ነው'ኮ!"

ወተቱ ነጭ ነበር። ግድግዳውም፣ የእኔም ፊት ቢጫ ሆነባት። ልትነሳ ስትል ተዝለፈለፈች። እጇን ብይዝ የደም ስሯ አንዴ መታና ጠፋ፤ ቆይቶ ደግሞ ተጣድፎ ደራረበው። በስመ አብ! በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት።

ሐኪሙ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፎ የልቧን ምት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ይሄኔ እናቴ ከመቀነቷ ሌላ ፓኬት አወጣች።

"ይቺ ደግሞ የትንሿ ናት፤ ዳንግላ ስታሳክመኝ የሰጡኝ። ማታ ማታ እወስዳታለሁ።"

"እማማ፣ ስሙ ተለያየ እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው! እጥፍ ሲወስዱ ከርመው ልብዎ ሊቆም ነበር፤ ያስመለሰዎትም፣ ቢጫ ያሳየዎትም እሱ ነው። ለምን ለዳንግላው ሐኪም አልነገሩትም?"

"ልጄ ደስ ብሏት አሳከመችኝ፣ እህትሽ ቀድማሻለች ልበላት? ከአንዷ ጎርሼስ የሌላዋን እመልሳለሁ? አንድ ጉርሻ ያጣላል።"

ክኒንን እንደ ጉርሻ! እህቴ እያለቀሰች ስትደርስ ደግሞ፣ ሽቦው ከደረቷ ሳይነሳ፣ እናቴ "አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" እያለች አባበለቻት። እኔን አይዞሽ ያለኝ የለም።

ክኒኑ ተቋርጦባት ተኝታ ልቧ ተስተካከለ። ስትወጣ ሐኪሙ ሁለቱን ፓኬት ፊታችን አኖረ።

"ከእንግዲህ አንዱን ብቻ፣ በቀን አንዴ። ሌላው ይጣል።"

እጄን ወደ እህቴ ፓኬት ሰደድኩ። እናቴ ቀደመችኝና የእኔን አነሳች።

"ይቺን ጣያት።"

"የእኔን?"

"አንቺማ አለሽልኝ። ከእሷ ያለኝ ይቺው ናት።"

ጣልኩት፤ ምን ላድርግ! ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የእህቴን ክኒን በገዛ እጄ አስውጣት ነበር። እናቴም ውጣ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ዳንግላ አዙራ ትመርቃለች።