የአልቃሿ እርም

ቢቸና ውስጥ ሰው ሲሞት ከእድሩ ጥሩንባ ቀጥላ የምትጠራው ሀብትነሽ ናት። አልቃሽ ናት፤ እሷ ሙሾውን ታወጣለች፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ይቀበላታል። «ሀብትነሽ ያላለቀሰችለት ሰው ሞተ አይባልም» ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ነገሩ ጨዋታ ነበር። ኋላ ግን ጨዋታው ዞሮ እሷኑ ያዛት።

አሁን ደክሟታል። ስድሳን አልፋለች፣ ድምጿ ሻክሯል፣ ጉልበቷ ስትነሳም ስትቀመጥም ያማታል። እውነቱን ለመናገር ግን ያደከማት ዕድሜ አይደለም፤ ያ የሰሜኑ ጦርነት ነው። ድሮ የምታለቅሰው ለሽማግሌው፣ በወሊድ ለሄደችው፣ ደራሽ ውሃ ለወሰደው ነበር። አንዱ ተቀብሮ ሌላው እስኪጠራ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜ አለ። ጦርነቱ ሲመጣ የወንድማማች ልጅ ከዚያም ከዚህም እንደ ቅጠል ረገፈ፣ መርዶው ተከታትሎ ገባ፣ ሬሳ ግን አልመጣም። በሬሳ ፋንታ ልብስ እየተዘረጋ ይለቀስ ጀመር። «ወይ አምላኬ! ያለኝ አንድ ጉሮሮ፣ ሟቹ አገር ሙሉ!» ትል ነበር ሀብትነሽ፣ ከአንዱ ድንኳን ወጥታ ወደ ሌላው ስትገባ።

የማታውቀውን ሰው አታለቅስም። ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ በዛብሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ጀግና ነበር፣ አንበሳ ነበር እያልሽ በሰው ልጅ ላይ አትዋሺ» ብላ ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ሀብትነሽ ድንኳን ከመግባቷ በፊት ከሟቹ ቤተሰብ አንዱን ከፊቷ ታስቀምጥና ትጠይቃለች። ሲቆጣ ምን ይላል? እንጀራ ሲበላ ከየት ይጀምራል? በሬውን ማን ብሎ ይጠራዋል? ስም የምትጠይቀው በመጨረሻ ነው። ስም ከቀደመ ሰው ሁሉ ስለ ዘሩ ያወራል እንጂ ስለ ልጁ አያወራም፤ ይህም የአክስቷ ትምህርት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ለአገሩ ስታለቅስ የኖረች ሴት ለአንድ ሰው ግን አላለቀሰችም። ለልጇ፣ ለያለው።

ያለው የዘመተው ከሌሎቹ ጋር ነው። ስልኩ አንድ ሰሞን ጠራ፣ ከዚያ ጠፋ። ጦርነቱ ቆሞ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ዓለምነህ የሚባል አብሮት የዘመተ ልጅ በምርኩዝ እየተደገፈ ቢቸና መጣ። ሀብትነሽ ገና ከደጅ ስታየው አወቀች። ስንት መርዶ ነጋሪ አጅባ ሄዳለችና! መርዶ ያመጣ ሰው ዓይኑን ምሰሶ ላይ ይተክላል፣ እህል አይወርድለትም። እሷ ግን ቶሎ ብላ ማዕድ አቀረበች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቀች። ልጁ «እትዬ፣ የመጣሁት...» ብሎ አፉን ሲከፍት ጉርሻ! «እትዬ፣ ያለው...» ሲል ሌላ ጉርሻ! «በሞቴ፣ ብላልኝ!» እያለች አፉን በእንጀራ ደፈነችው። ምስኪን ዓለምነህ የመጣበትን ሳይናገር ወጣና አጥሩ ሥር ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ሞጣ ሄዶ ለያለው ሚስት ለወይንእሸት ነገራት። ጓደኛውን በገዛ እጁ ነበር የቀበረው።

ወይንእሸት ሞጣ ሻይ ቤት አላት፣ ከያለው የወለደቻት ሃና የምትባል ልጅም አለቻት። ነገሩን ለአማቷ ለማንሳት አልደፈረችም። ማን ይደፍራል? ሰው ስለ ያለው ሲጠይቃት ሀብትነሽ «ደህና ነው፣ ይመጣል» ትላለች። ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ ሰጠች፣ ለመምጫው ብላ ጋቢ አሠራችለት፣ ጋቢውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ጎረቤት በሹክሹክታ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ። እውነት ነው፣ ግን ፊት ለፊት የነገራት አንድም አልነበረም።

ዘንድሮ ደግሞ የሞጣ ሰዎች መከሩ። ሬሳቸው ላልመጣ ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ድንኳን መታሰቢያ እናድርግ ተባለ። የእድሩ ዳኛ ሣህለ ማርያም ደወለላት።

«ደክሞኛል፣ ወንድሜ። ሌላ ፈልጉ» አለችው።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ለሠርግ ብንጠራዎት ኖሮ እስክስታዎን እየወረዱ ይመጡ ነበር!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀልደኛ!» አለች። ሳትወድ ሳቀች፣ ሄደችም።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪደርስ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ግን አልመጣም። በየመንደሩ ያለቀሰችላቸው ልጆች ተራ በተራ መጡባት። የአንዱ አረማመድ፣ የሌላው ፉጨት። ሟች ሁሉ ጓዙን እሷ ላይ ጥሎ የሄደ ይመስል ትከሻዋ ከበዳት። የዛሬውን ላልቅስና ከዚህ በኋላ በቃኝ አለች ለራሷ።

ሞጣ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ልብስ ተዘርግቷል፤ ኮት፣ ሸሚዝ፣ ያልተለበሰ አዲስ ጫማ። ሀብትነሽ ከድንኳኑ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ቤተሰቦች አንድ አንድ እያሉ ቀረቡ። ባንተአምላክ የሚባል አባት ስለ ልጁ ሲነግራት «እልኸኛ ነበር፣ ያጠፋውን አያምንም» አለና አፍሮ አቀረቀረ። «እንዲህ ነው እንጂ፣ አሁን አወቅሁት» አለችው።

በመጨረሻ የቀረበችው ወይንእሸት ናት፣ ጉልበቷ ላይ ጥቅልል ይዛ። ሀብትነሽ አልደነገጠችም። ወይንእሸት ፋንታ የሚባል ወንድም ነበራት፤ እሱም በዚያው ጦርነት ነው የቀረው። ለወንድሟ መጣች ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

«በይ ንገሪኝ፣ ልጄ። ሲቆጣ ምን ይላል?»

«ሲቆጣ ዝም ነው የሚለው» አለች ወይንእሸት። «ከቤት ወጥቶ እንጨት ይፈልጣል። የተፈለጠውን እንኳ ደግሞ ይፈልጣል።»

«እሺ።»

«እንጀራውን ከጠርዙ ነው የሚጀምር። መሃሉን ለሌላ ይተዋል።»

ሀብትነሽ ራሷን መነቅነቅ አቆመች። ወይንእሸት ግን ቀጠለች።

«ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ልጅ ሆኖ ጥጃ ረግጦት የፊት ጥርሱ ተሰብሯል። እኔ እንኳ ጥርሱን ያየሁት ከተጋባን በኋላ ነው።»

ጥቅልሉን ፈታችው። አረንጓዴ ሹራብ ነው። ክርኑ ላይ በሌላ ክር ተጠቅሟል፤ የጠቀመችው ራሷ ሀብትነሽ ናት።

ሀብትነሽ ሹራቡን አየች። የምትጎርሰው የለ፣ የምታጎርሰው የለ፤ ዝናቡንም አላነሳች።

«ስሙን አልጠይቅሽም» አለች በመጨረሻ።

«አይጠይቁኝ። ያወጡለት እርስዎ ነዎት።» ወይንእሸት እጇን ያዘቻት። «እናቴ፣ ይማሩኝ። እርስዎ ካላለቀሱለት ሰው አያለቅስለትም። ቄሱም "እናቱ ልጄ አልሞተም እያለች እንዴት ፍትሐት አደርጋለሁ?" አሉኝ። ሃናን አባትሽ የት ነው ሲሏት "ይመጣል" ትላለች፣ እንደርስዎ። እርሜን ላውጣ። እኔም ደክሞኛል።»

«ማን ነው ሞተ ያለሽ?» አለች ሀብትነሽ። ልማድ ሆኖባት እንጂ ለማወቅ አልነበረም።

«እርስዎ ነዎታ! ያችን የጋቢ ግጥም በየድንኳኑ ሲሏት ጋቢው የማን እንደሆነ የማላውቅ ይመስልዎታል? በሰው ልጅ ስም ስንቴ አለቀሱለት! አንድ ቀን በራሱ ስም ይለቀስለት።»

ግጥሟን አገር ያውቃታል። ጦርነቱ ከቆመ ወዲህ ሬሳው ላልመጣ ሁሉ የምትላት ናት፦

ጥጡም ተዳምጦ ፈትሉም ተፈትሎ፣
ጋቢው ይጠብቃል ይመጣ ይሆን ብሎ።

ከየት እንዳመጣቻት ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሀብትነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትገልጠው አርጅታ ነበር።

ድንኳን ገብታ ለሞጣ ልጆች አለቀሰች። ለእያንዳንዱ የተነገራትን አልዘነጋችም። ለእልኸኛው ስታወጣ ባንተአምላክ «እሱ ነው! ራሱ ነው!» እያለ ደረቱን ደቃ። የፋንታን ነገር ራሷ ታውቀዋለችና ሳትጠይቅ አለቀሰችለት። አግዳሚው መጨረሻ ላይ ስትደርስ፣ አረንጓዴው ሹራብ ጋ፣ ቆመች። ሰው ጠበቀ። አልቃሽ የራሷን ሰው አታወጣም፣ ወጉ አይደለም፤ የራሷ ሲሆን ተቀምጣ ትቀበላለች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ገልብጣ፣ መሬት ላይ፣ ሐዘንተኞቹ መሃል ተቀመጠች። ያኔ ድንኳኑ ሁሉ ገባው። አንዲት ሴት «እሰይ፣ ይውጣልሽ!» ብላ ጮኸች።

«በይ፣ አንቺ አውጪለት» አለች ሀብትነሽ፣ ቀና ብላ።

ወይንእሸት ግጥም አታውቅም። በሰው ፊት ተናግራም አታውቅ። ሹራቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

«ያለው... ያለው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር» አለች።

ቤት አልመታ፣ ዜማ አልያዘ። ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚቀበሉት ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከመሬት አንድ የሻከረ ድምፅ ብቻውን ተቀበለ።

«አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር! ልጄ! ልጄ!»

ያኔ ድንኳኑ ሙሉ ተቀበለ። የሞጣ እናቶች፣ ልጆቻቸውን ያለቀሰችላቸው ሁሉ፣ ለልጇ ደረታቸውን ደቁ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ሀብትነሽ የምራቷን የቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«ድገሚልኝ» አለቻት።